አይ

መስኮት የሌለው ክፍል፣ ከስታዲየሙ ሥር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሥራዬ መቁጠር።
ነጥቡን አልቆጥርም፤ ነጥብ አገር ያየዋል፣
ሰሌዳ ላይ በርቶ ሕፃን ያነበዋል።
እኔ የምቆጥረው፣ ኳስ ሳይነሳ በፊት
አስራ አንድ ሰው ቆሞ ትንፋሽ የሚይዝበት፣
ያችን አንዲት ቅጽበት።
አቆማታለሁ። ስም እሰጣታለሁ።
ቁልፍ ተጭኜ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

ስገባ፣ ያኔ፣ ሰልፉ ቀጥ ያለ ነበር፦
ከመሃለኛው ጀርባ ኳርተርባኩ ቆሞ፣
ከሱ ኋላ ዴልማር ዊቾሬክ አጎንብሶ፣
አንድ እጁን ጭቃ ላይ እንደ ካስማ ተክሎ፣
ከዴልማር ኋላ ሯጩ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ አድብቶ።
ሦስት ሰው በአንድ ክር። ከላይ ለሚያይ ካሜራ
አንድ ፊደል ናቸው፦
አይ።

ዴልማር ኳስ አይዝም። የሱ ሥራ መቅደም፤
ሁለት እርምጃ ሮጦ በትከሻው መግጠም፤
የተከላካዩን ደረት በር አድርጎ መክፈት፣
ከኋላ የሚመጣው ሰተት ብሎ እንዲያልፍበት።
የሯጩ ስም ተጠራ፣ ሕዝቡ ብድግ አለ፤
ዴልማር ከክምሩ ሥር፣ አፉን ሣር ሞልቶት፣ አለ።

ከዚያ ሰልፉ ላላ።
በየትኛው ቀን ነው ብትሉኝ አላውቅም።
ኳርተርባኩ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ፤
ሾትገን አሉት፤ ኳሱ በአየር ይመጣለት ጀመር።
ተቀባዮቹም ከመሃል እየተነቀሉ
እስከ ነጩ መስመር ዳር ለዳር ተሰቀሉ።
ሜዳው ያው ሜዳ ነው፣ ማንም አላሰፋው፤
ሰው ነው መሃሉን ትቶ ጠርዙን ያስፋፋው።
ከስልሳ ቅጽበት ውስጥ «አይ» የምለው ሠላሳ፣
ሲከርም ዐሥራ አራት፣
ሲከርም ሦስት፤ እሱም በረዶ ሲጥል፣ አንድ ያርድ ሲቀር።
አንድ ዓመት ሙሉ ግን ጣቴ ቁልፉን ረሳ።

ዴልማርን ማን ተቆጣው? ማንም ክፉ አላለው፤
«ጥሩ ሰው ነህ» አሉት፣ «ቦታው ነው የሌለው።»
የአንገት መደገፊያውን በፌስታል ጠቅልሎ
በበሬ ሲያልፍ ቆመ። ስክሪኑን አየና፣
«ይሄን ሁሉ ባዶ መሃል» አለኝ፣ «ማን ያርሰዋል?»

አይ ዴልማር።

አሁን በረዶ ይጠርጋል፣ በኢሪ ሐይቅ ዳር፣
ቢጫ መኪና ይዞ፣ ከፊቱ የብረት ትከሻ፤
ይገፋል፣ ይከፍታል፤
ወደ ፋብሪካ የሚገቡት መብራታቸውን አብርተው
አንድ በአንድ ከኋላው።
ከላይ የሚያይ ካሜራ ቢኖር
ምን ብዬ እንደምጽፍ አውቃለሁ።

ዘንድሮ አዲስ አሠልጣኝ መጣ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣
ጢሙ ገና ሳስቶ ያለ።
«ፈጣን ተቀባይ ለማባረር» አለ፣ «ተከላካዩ ሁሉ ከሳ፤
እኛ እንክበድ።»
ከሶልት ሌክ የመጣ የቶንጋ ልጅ አለ፣ ቴቪታ ማኡሂ፣
ወገቡ እንደ በርሜል፤
ከኳርተርባኩ ኋላ ወስዶ እጁን መሬት አስነካው።

ሰኞ ፊልሙን ሳቆም እኔም አብሬ ቆምኩ።
ዝርዝሩን ወደ ታች፣ ወደ ላይ ፈለግኩ፦
«ባዶ» አለ፣ «ጥቅል» አለ፣ «ሦስት በቀኝ» አለ፤
ያ ፊደል ግን የለም።
ፕሮግራሙ ሲታደስ አንዱ ጎበዝ ጠርጎታል።
በጣቴ ጻፍኩት። ቀይ መስመር አሰመረበት ማሽኑ፤
ተውኩት ከነመስመሩ።

ጎህ ሳይቀድ ደወልኩ። ሞተሩ ይንጎደጎዳል።
ነገርኩት። ዝም አለ።
ብረቱ አስፋልት ሲፍቅ ለረጅም ጊዜ ሰማሁ።
ሯጩ ስንት ያርድ ሄደ ብሎ አልጠየቀኝም።
«ልጁ በየትኛው ትከሻው ገጠመ?»
በግራው፣ አልኩት።
«አይ» አለ፣ «ቀኙን ነበር።»